የአክስቴ ፓስ

አክስቴ ከአሜሪካ ወደ ጅማ ከተመለሰች ሦስት ወር ሆናት። ሰውነቷ ገብቷል፤ ወሬዋ ግን ገና እዛው ነው። አቦሉን ቀድታ ጀበናውን ሳታስቀምጥ "እዛ እኮ..." ትላለች። ያኔ ስኒያችንን አጥብቀን እንይዛለን። ቶና እስኪመጣ ብዙ እንደምንቆይ እናውቃለን።

ልጇ የምትኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እዛ ፌርፋክስ የሚባል ጎዳና ላይ የእኛ ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ ስለበዛ ከተማው በ2002 ሰፈሩን "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ በይፋ ሰይሞታል። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ፤ አክስቴም እንደዛው ነው የምታወራው።) መጀመሪያ የወሰዷት እዛ ነበር። አልተደሰተችም። "እንጀራ ለመብላት ነው ይሄን ሁሉ ባሕር የተሻገርኩት?" አለች። ልጇም እልህ ያዛት። ለእናቷ፣ ለራሷና ለትንሹ ልጇ የቱሪስት ፓስ ገዛች።

የቱሪስት ፓስ ምን እንደሆነ እኔም ያወቅሁት በአክስቴ በኩል ነው። ብዙ መዝናኛ ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ መግቢያ አለው። ፓሱን ከገዛህ ሁሉንም በአንድ ሒሳብ፣ በቅናሽ ትገባለህ። ስልክ ላይ ያለ ኮድ ነው። በር ላይ ታሳያለህ፣ ጢጥ ይላል፣ ትገባለህ። እነሱ በገዙት ውስጥ ዲዝኒላንድ ነበረ፣ ሌጎላንድ ነበረ፣ ሳንዲያጎ ያለው የባሕር እንስሳት ማሳያ ሲወርልድም ነበረ። ሳንዲያጎ ከሎስ አንጀለስ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ከጅማ ወልቂጤ በሉት።

ጉዱ ያለው ቅናሹ ላይ ነው። ቅናሹ የሚገኘው ሁሉንም ካየህ ብቻ ነው። አንዱን ከተውክ ከሰርክ። ስለዚህ ሰውየው የሚሄደው ሊዝናና አይደለም፤ ላለመክሰር ነው።

እኛ ይሄን ነገር በሰርግ ቡፌ እናውቀዋለን። ባለፈው ጥር አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬን ሰርግ ላይ ከኋላው ተሰልፌ አይቼዋለሁ። ፖስታ ውስጥ አምስት መቶ ብር አስገብቷል፤ አብረን ነው ያሸግነው። ከሥር እንጀራ አነጠፈ። ዶሮ ወጥ ጨለፈበት። በላዩ ክትፎ፣ በክትፎው ላይ ሩዝ፣ በሩዙ ላይ ፓስታ፣ በፓስታው ላይ ሰላጣ። ጫፍ ላይ አንድ ቁራጭ ኬክ ከአልጫው ዳር ተጣብቆ ቢጫ ሆኗል። "ኬኩን በኋላ ብትወስደው?" አልኩት። "በኋላ ቢያልቅስ?" አለኝ። ሰውየው ጨጓራ አለበት። ግማሹን ሳይነካው ነው የተነሳው። ፊቱ ላይ ግን የከሰረ ሰው አይታይም ነበር።

ወደ አክስቴ ልመለስ።

ዲዝኒላንድ ያለው አናሃይም የሚባል ከተማ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ወደ ደቡብ። የተከፈተው ሐምሌ 1955 ነው። በሩ ላይ ፎቶ ያነሱሃል፤ ቲኬትህን ለሌላ ሰው እንዳታሳልፍ ነው። አክስቴ መታወቂያ ሊያወጡላት መሰላት። ነጠላዋን አስተካከለች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ እንደ ጉርድ ፎቶ ኮስተር ብላ ቆመች። የሚያነሳው ልጅ ሳቀ። "ስንት መታወቂያ አወጣሁ፤ ስቆ ያነሳኝ የለም" ትላለች እስከ ዛሬ።

ከዛ ወረፋ። አክስቴ ወረፋ አይገርማትም። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች፤ ግማሹን ወረፋ ይዛ፣ ግማሹን ወረፋ አስይዛ። የገረማት ሰሌዳው ነው። መግቢያው ላይ "70 ደቂቃ" የሚል ተጽፏል። በቃ፣ ሰባ ደቂቃ ትቆማለህ፣ ይነግሩሃል። እዚህ "ሲስተም የለም" ነው የሚሉህ። ሲስተሙ ወዴት እንደሄደ፣ ምሳ ይበላ፣ ለቅሶ ይድረስ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ የለም።

ሰልፉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ያንኑ ሰው ደጋግመህ ፊት ለፊት ታገኘዋለህ። አክስቴ ከአንዲት ሜክሲኮዊት አሮጊት ጋር በመጀመሪያው ዙር ተያዩ። በሁለተኛው አንገት ነቀነቁ። በሦስተኛው ጉልበታቸውን እያሳዩ ተዛዘኑ። በአራተኛው አክስቴ ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣች። አምስተኛ ዙር ቢኖር ኖሮ ዕቁብ ይጀምሩ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ከጎን ያለው መስመር የታየው። ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሰዎች እየሳቁ ይገቡበታል፤ ማንም አያስቆማቸውም።

"እነዚህስ?" አለች አክስቴ።

"ከፍለው ነው እማዬ።"

"ለማን?"

"ለፓርኩ ነዋ።"

"በግልጽ?"

"በስልክ።"

አክስቴ ትንሽ አሰበች። "ደረሰኝ አለው?"

"አለው።"

"እኛን የጎደለን ደረሰኙ ብቻ ነበር ማለት ነው" አለች።

ነገሩን እኔም በኋላ አጣራሁት። ቅድሚያው በ1999 ሲጀመር በነጻ ነበር፤ ሰዓትህን ቀድመህ ትይዛለህ፣ በሰዓትህ ትመጣለህ። ከ2021 ወዲህ ነው በገንዘብ የሆነው። ወረፋ መዝለልም ኑሮ ተወዶበታል። እኛ ግን አሁንም በድሮው ዋጋ ነን፤ አንድ "ሰው አለኝ" ይበቃል።

ስለ ስፔስ ማውንቴን ብዙ አልልም። ጨለማ ውስጥ የሚበር ባቡር ነው። 102 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ አይገባም፤ በሜትር ይለካል። የልጅ ልጇ ሁለት ጣት ጎድሎት ከእናቱ ጋር እያለቀሰ ቀረ። ስድሳ ሰባት ዓመቷን የያዘችው አክስቴ ግን ቁመቷ ስለሞላ ገባች። "የከፈልንበት ነው" ብላ። ውስጥ ያልጠራችው ታቦት የለም። ስታወራው እኛ ብዙም አልደነገጥንም። ማታ ዝናብ እየጣለ፣ መብራቱ በተበላሸ ባጃጅ ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል የወረደ ሰው በዚህ አይደነግጥም። እሱም መለኪያ የለው፣ ሕፃንም ይገባል።

ዋናው ወሬ ጉማሬው ነው።

ጀንግል ክሩዝ የሚባል የጀልባ ጉዞ አለ፤ ፓርኩ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ያለ ነው። ሰው ሠራሽ ወንዝ ላይ ትሄዳለህ፤ ዳርና ዳሩ ጫካ ነው። ጀልባ ነጂው ቀልድ እያወራ ይወስድሃል። መሃል ላይ ጉማሬ ብቅ ይላል። ጆሮውን ያርገበግባል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይጠልቃል። ማሽን ነው። ቀጣዩ ጀልባ ሲመጣ እንደገና ብቅ ይላል፣ ያንኑ ጆሮ ያርገበግባል፣ ይጠልቃል። በሥራ ገበታው ላይ የማይጠፋ ጉማሬ ነው።

ሰዉ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አክስቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ለዚህ ነው እንዴ አርባ ደቂቃ የቆምነው? ይሄማ ቦዬ ሞልቷል! ያውም ነፍስ ያለው!" አለች።

ልጇ አፍራ "እማዬ ቀስ በይ" አለቻት። ቀጥላ ደግሞ፣ ክፋት አስባ ሳይሆን፣ "ቦዬ ሄደሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

ይሄን ቦታ ላይ ስትደርስ አክስቴ ሁልጊዜ ዝም ትላለች። ከሰሉን ትቆሰቁሳለች። ስድሳ ሰባት ዓመት ጅማ ኖራ ቦዬን አታውቀውም። ከከተማው ዳር ያለ ረግረግ ውኃ ነው፤ በባጃጅ ይደረሳል። ግን ማን ሄዶ ያያል? እንግዳ ሲመጣ ነው የሚኬደው። እንግዳ ደግሞ መጥቶ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል።

እኔም አፌን ሞልቼ ልስቅባት አልችልም። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያየሁት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤት ጉዞ ነው። የማስታውሰው የተሰጠንን ዳቦና ሙዝ ነው። ሙዙ ጠቁሮ ነበር።

እንግዲህ አክስቴ በተመለሰች በሁለተኛው ወር የራሷን ፓስ አወጣች። የስኳር ካርቶን ቆርጣ አራት ማዕዘን ሠራች። በስክሪፕቶ አራት ሳጥን አሰመረችበት፤ ጅሬን፣ ሙዚየም፣ ሂርማታ፣ ቦዬ። ጡረታ ስትወጣ ይዛው የመጣችው ወረቀት መብሻ አለ፤ በእሱ ነው የሚበሳው። ዋጋው በሰው መቶ ብር። "ለየብቻ ብትሄዱ የባጃጁ ብቻ ይበልጣል" አለች። ተመላሽ የለም። ፎቶም ልታነሳን ነበር፤ የስልኳ ሚሞሪ ሞላ።

ሂርማታ ገበያ ሞቅ የሚለው ሐሙስ ስለሆነ ሐሙስ ተባለ። እኔ ቢሮ ለቅሶ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። (ማን ሞተ ሲሉኝ አክስት አልኩ። ይቅር ይበለኝ።) ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ ጡረተኛ መምህር የሆኑት ጎረቤታችን ጋሼ፣ ሁላችንም ካርቶናችንን ይዘን ጠዋት በር ላይ ተሰለፍን። ከኛ በቀር ማንም የለም፤ ግን ተሰለፉ ተባልን።

ጅሬን ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ራሱ ሌላ ነው። ከተማው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። የእንጨት ሥራውን፣ ዙሪያውን የሚሄደውን ሰፊ በረንዳ ቆሜ አየሁት። ሰባተኛ ክፍል ይሄ ሁሉ የት ነበር? ትንሹ ልጄ "የሚጋለበው የታል?" እያለ እጄን ይጎትታል። ጋሼ ደግሞ ማስተማር ጀመሩ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ1878 እስከ 1932 ገዙ፤ ከምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ በየዓመቱ ግብር መክፈልን መረጡ፤ በዛም የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ።

"እንግዲህ ፓስ ማለት ይሄ ነው" አሉ ጋሼ። "ከፈሉ፣ በራቸው ሳይሰበር ኖሩ። ጊዜው ያለፈበት እሳቸው ሲያልፉ ነው።"

"ደረሰኝ ነበረው?" አለች አክስቴ፤ መልሱን ሳትጠብቅ "አምስት ደቂቃ ቀራችሁ!" ብላ ጮኸች።

ሙዚየሙን በሩጫ አየነው። የንጉሡን መገልገያዎች አልፈን ስንሄድ ጋሼ አንዱ ፊት ቆመው መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር፤ ጠርገው ሲጨርሱ እኛ ወጥተናል። አክስቴ ካርቶናቸውን በሳችላቸው። "አላየሁም እኮ" አሉ። "ገብተዋል አይደል? ገብተዋል" አለች።

ሂርማታ ላይ ፕሮግራሙ ፈረሰ። ባለቤቴ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አየች። የጅማ ልጅ ሆና ቤታችን ያለው የፕላስቲክ ወንበር ነው። ሻጩ ዋጋ ነገራት። እሷ ግማሹን ጠራች። እሱ እንደተሰደበ ሰው ፊቱን አዞረ። እሷ ሄደች። እሱ ጠራት። ተመለሰች። በርጩማውን ገለበጠችው፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ መሆኑን በጥፍሯ አየች፣ ተቀመጠችበት፣ ተነሳች፣ እኔን አስቀመጠችኝ። አክስቴ ሰዓቷን እያየች ከአንድ እግር ወደ አንድ እግር ትዘላለች። "ትንሽ ጨምረሽ ውሰጂው፣ ቦዬ ሊመሽብን ነው!" ትላለች። ሻጩ ይሄን ሰማ። ከዛ በኋላማ ሳንቲም አልቀነሰም። ባዶውን መስመር በገንዘብ የገዛነው እዛ ላይ ነው፤ ደረሰኝ ግን የለውም።

ቦዬ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ውኃው ጸጥ ብሏል። ሣሩ ላይ ወፎች አሉ፣ ላሞች አሉ። ጉማሬ የለም። በርጩማዋን አስቀመጥን፤ አክስቴ ተቀመጠችባት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አንድ ሰዓት። ልጆቼ ውኃው ላይ የታየውን ግንድ ሁሉ ጉማሬ አሉት። አክስቴ ዙሪያውን ስትቃኝ ነበር፤ ሰሌዳውን የምትፈልግ መሰለኝ።

ላም የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ምን እንደምንጠብቅ ጠየቀን። ነገርነው።

"ቀን ውኃ ውስጥ ነው፤ ማታ ነው ለግጦሽ የሚወጣው" አለ።

"ስንት ሰዓት?" አለች አክስቴ።

ልጁ ጥያቄው አልገባውም። "ሲርበው ነዋ" አለና ላሞቹን ነድቶ ሄደ።

ዝናብ ጀመረ። ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቀን ገባን፤ በርጩማዋ ጋሼ ጭን ላይ። ካርቶኔን አውጥቼ ለአክስቴ ሰጠኋት። ለሙዚየሙ የበሳች ለዚህም አትጨክንም ብዬ ነው። መብሻውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ጉማሬውን አላያችሁም" አለች።

"ገብተናል እኮ እትዬ!"

"እሱ አልወጣማ።"

ፓሱ ጊዜው እንዳላለፈበት ግን አረጋግጣልናለች። ቅዳሜ ማታ እንደገና እንሄዳለን። ባትሪና ቆሎ ያዙ ተብለናል። ጋሼ መነጽራቸውን ከወዲሁ ጠርገዋል።