ችግኝ ልትተክሉ ስትወጡ ቁጥቋጦውን ተዉት

ክረምት ሲገባ ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ኮረብታ መውጣት ለምደናል። ቲሸርት ይታደላል፣ ዶማና አካፋ ይከፋፈላል። ብዙ ቦታ ታዲያ የመጀመሪያው ሥራ ምንጣሮ ነው። አጋሙ፣ ቀጋው፣ ደደሆው መሬቱን አቆሸሸ ተብሎ ይጨፈጨፋል። በተራቆተው መሬት ላይ ችግኝ በመስመር ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በቃ።

በተከላው ቅሬታ የለኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል በቁጥሩ ብዙ ተከራክረናል። በጭቃ የወጣው ሰው ፈቃደኝነት ግን አያከራክርም። እኔን የሚያበግነኝ ምንጣሮው ነው።

ወይራን ውሰዱ። ፍሬውን ወፍ ትበላና ቁጥቋጦ ላይ አርፋ ዘሩን ከሥር ትጥለዋለች። እዚያ የበቀለው ቡቃያ የበጋ ፀሐይ አይጠብሰውም፣ ፍየልም በቀላሉ አትደርስበትም። ትግራይ ውስጥ ከከብት በተከለሉ ተራሮች የተደረጉ ጥናቶችም ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ የወይራ ቡቃያ ከገላጣው ይልቅ ቁጥቋጦ ሥር ይበረክታል። ካላመናችሁ ጎንበስ ብላችሁ ቅርንጫፉን ግለጡ። ቅጠሉ ጠበብ ያለ፣ ከላይ አረንጓዴ፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ወርቅማ ቡናማ የሆነ ትንሽ ተክል ካያችሁ ወይራ ነው። ማንም ሳይተክለው የበቀለውን እሱን ቆርጠን ነው በቦታው የፈረንጅ ጽድ የምንተክለው።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ላይ አልፈርድም። የሚጠየቀው ቁጥር ነው። የፈረንጅ ጽድና ግራቪሊያ ዘራቸው በቀላሉ ይገኛል፣ ቶሎም ያድጋሉ። ጥቁር እንጨት የሚባለው አገር በቀል ዛፍ ግን ዘሩ ተቀምጦ ብዙ አይቆይም። ዝግባም ቢሆን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ሌላ መንገድ ይዘዋል። ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጠሩት። ድንጋዩ የተለቀመው ከዙሪያው እርሻ ነው፤ ገበሬውም ማሳው ጸዳለት። ከብት መግባት ሲያቆም ከዛፎቹ ሥር ያለው ቡቃያ ቀና ማለት ጀመረ። ካብ መካብ ለበጎ ፈቃደኛም የሚሆን ሥራ ነው። ለፎቶ አይመችም እንጂ።

ቁጥቋጦ ሁሉ አይነካ እያልኩ አይደለም። የወፍ ቆሎ የሚባለው ላንታና ከውጭ የመጣ ወራሪ ነው፤ ከነሥሩ ይነቀል። ችግሩ ከከተማ የመጣ ወጣት አጋምን ከላንታና በምን ይለያል? አዘጋጆቹ አውቶቡስ ከመከራየታቸው በፊት የአካባቢውን እረኛ ወይም አንድ አዛውንት ይዘው ኮረብታውን ይዙሩ። የሚነቀለውንና የሚቀረውን እሳቸው ያሳዩዋቸዋል። የውሎ አበላቸው ይከፈላቸው፤ ቲሸርት ከተረፈም ይጨመርላቸው።