በአባይ በረሃ ዋሻ ፍለጋ፦ ከገመዱ በፊት ምንጩ

በዓለም እስካሁን ከታወቁት ዋሻዎች በጥልቀት የሚመሩት ቬሪዮቭኪናና ክሩቤራ ከ2,100 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሁለቱም በጥቁር ባሕር ዳር ባለችው አብካዚያ ውስጥ፣ አራቢካ ተራራ ላይ ናቸው። ስማቸው ሲነሳ «የእኛስ አባይ በረሃ?» ማለት ተገቢ ነው። ጎጃም ውስጥ መፈለግ ያለበት ግን ጥልቀት አይደለም ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያሻግረው መንገድ ላይ በዓይን ይታያል። ከላይ ባዛልት፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከኖራው በታች ጂፕሰምና የሸክላ ድንጋይ ተደራርበዋል። ውሃ አሟሙቶ የሚቦረቡረው ኖራውን እንጂ ባዛልቱን አይደለም፤ የኖራው ውፍረት ደግሞ በመቶዎች ሜትር የሚለካ ነው። ስለዚህ ተስፋ የሚጣለው በርዝመት ላይ ነው። ባሌ ውስጥ ወይብ ወንዝ የቦረቦረው ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ኖራ ውስጥ ነው።

ፍለጋው እንግዲህ ከደጋው ሜዳ ሳይሆን ከገደሉ ወገብ ይጀምር። ኖራውን ሰርጎ የወረደ ውሃ የሸክላውን ንብርብር ማለፍ ሲያቅተው ወደ ጎን ፈልቆ ይወጣል። በበጋ የማይነጥፍ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ግን የሚደፈርስ ምንጭ ካለ፣ ከኋላው ሰፊ መተላለፊያ ሳይኖር አይቀርም። እንዲህ ያለውን ምንጭ ከእረኞች በላይ የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ ውሃ በሚሰምጥበት ቦታ ፍሎረሲን የተባለውን አረንጓዴ ቀለም ጨምሮ፣ ምንጮቹ ላይ ቀለሙን መጥጦ የሚይዝ፣ በወንፊት ጨርቅ የታሰረ ከሰል አስቀምጦ በየጊዜው መቀየር ነው። ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው ቀለሙን የነካ እጅ ከሰሉንም መንካቱ ነው፤ ሁለቱን የሚይዙት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። የታች መንደሮች አስቀድመው ይነገራቸው፤ ውሃቸው አረንጓዴ ሆኖ ሲወርድ ይደነግጣሉ።

መግባት የሚቻለው ከጥር ወዲህ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ክረምት ከገባ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ዋሻው ውስጥ ላለው ሰው ደራሽ ጎርፍ ይሆንበታል፤ ሰማዩ አይታየውም። ገመድ በክብደት ከሚበጠስ ይልቅ ሹል ጠርዝ ላይ ሲፋተግ ይቆረጣል፤ በሚነካበት ቦታ ሁሉ እንደገና ታስሮ ከድንጋዩ ይራቅ፣ ጫፉም ይቋጠር። ለአንድ ሰው ሦስት መብራት፣ ውጭ ለሚጠብቅ ሰው የመመለሻ ሰዓት። ጂፕሰም ከኖራ ፈጥኖ ስለሚሟሟ እሱ ያለበት ጣሪያ አይታመን። የሌሊት ወፍ ኩስ ያለበት ደረቅ ክፍል ውስጥ ያለ ጭምብል መግባት ለሳንባ በሽታ ያጋልጣል። ትንፋሽ ሲፈጥንና ራስ ሲመታ አየሩ ተበክሏልና ወዲያው መውጣት ነው፤ ሻማ እየበራ ነው ተብሎ መቆየት አያዋጣም።

ይህን ሁሉ ድካም የሚጠይቀው የዋሻው ካርታ፣ ለጎብኚ ደረጃና መብራት ከመሠራቱ በፊት ለየወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ኖራ ውሃን እንደ አሸዋ አያጣራም፤ ላይ በስምጥ ጉድጓድ የተጣለ የሞተ ከብት ታች ካለው ምንጭ ይደርሳል። የትኛው ጉድጓድ የትኛውን ምንጭ እንደሚመግብ ሲታወቅ ጉድጓዱ ሊታጠር ይችላል።