ለክቡር ንፍጥ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፡- የኬጂ ክፍላችንን እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

እንዴት ሰነበቱ? ለወግ ያህል ነው የጠየቅሁት። ደህና መሆንዎንማ በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በዓይኔ አያለሁ።

ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ልጆቹ ቤታቸው ናቸው። ያኔ የእርስዎ ጣጣ የእናቶቻቸው ነው። የእኔና የእርስዎ ወራት ህዳር፣ ታህሳስና ጥር ናቸው። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና የጠዋት ብርዷ አይጣል ነው። ፀሐይ ወጥታ የግንቡን ድንጋይ እስክታሞቅ ድረስ ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ ሁሉ አፍንጫው የእርስዎ ነው።

ሥራዎን አልክድም። አፍንጫ የገባበትን ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሳንባ ሳይደርስ ማሞቅና ማርጠብ አለበት። ለዚህ እርስዎ ያስፈልጋሉ። አቧራውንም ይይዙልናል፤ እናመሰግናለን። ግን ሠራተኛ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ቤቱ ይገባል። እርስዎ ወርደው ከንፈር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ምላስ ብቅ ይልና... ይቅር፣ ቁርስ እየበላ የሚያነብ ይኖራል።

ባለፈው ሰሞን "ፈ"ን እያስተማርኩ ነበር። "ፊ" ላይ ስንደርስ አንዷ አነጠሰች። "ይማርሽ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። "ያኑራችሁ" አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ። ወዲያው ከኋላ ሌላው አነጠሰ። "ይማርህ!" ከዚያማ ያላነጠሱትም ይማርህ ለመባል ሲሉ እያስመሰሉ ማነጠስ ጀመሩ። "ፎ" ላይ ሳንደርስ ደወል ተደወለ።

ሶፍት ይዤ "ተናፈጥ፣ የኔ ጌታ" እለዋለሁ አንዱን። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ወደ ላይ ይሰበስባል፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ውስጥ ይስባል። እርስዎ ሽቅብ ይመለሳሉ። "ጎበዝ ነኝ ቲቸር?" ይለኛል። ምን ልበለው? "ጎበዝ" እለዋለሁ። እጄን ሳላነሳ ተመልሰው ከች ይላሉ።

ጋዋኔን ደግሞ እንነጋገርበት። ጠዋት ታጥቦ ተተኩሶ የመጣ ነጭ ጋዋን ነው። በር ላይ ስቆም አንዷ ሮጣ መጥታ ጉልበቴ ላይ ትጠመጠማለች። "ቲቸር፣ ናፍቀሽኝ ነበር" ትላለች። ትናንት 9 ሰዓት ላይ እኮ ነው የተለያየነው! ቢሆንም አንጀቴን ትበላዋለች። ፊቷን ቀና ስታደርግ ክብ ማህተምዎ ጋዋኔ ላይ ተመትቷል። በዚህ ሥራ ፍቅር ያለ እርስዎ ማህተም አይፀድቅም።

የሚያግዝዎትም ሞልቷል። ወላጅ ልጁን ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ፣ ኮፍያ ደፍቶ፣ ሻርፕ ጠምጥሞ ይልካል። ሽንቱ ሲመጣበት ያን ሁሉ የምፈታው እኔ ነኝ። ኪሱን ብፈትሽ አንዲት ቁራጭ ሶፍት የለችም። ሶፍቱ የሹራቡ እጅጌ ነው። አርብ ከሰዓት እጅጌው ደርቆ ራሱን ችሎ ይቆማል።

አንዳንዷ እናት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ በፌስታል ቋጥራ "ቲቸር፣ 6 ሰዓት ላይ አንድ ማንኪያ ስጭልኝ" ትለኛለች። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ አንዳቸውንም አይነካም። እርስዎ አረንጓዴ ለበሱ ማለትም ነጭ የደም ሴሎች እየታገሉ ነው እንጂ የግድ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ይህን ስል "ደግሞ ሐኪም ሆነች" እባላለሁ። ዳማከሴ አሽተው ግንባሩን ቀብተው የሚልኩትን አያት ግን እወዳቸዋለሁ። ቢያንስ ክፍሉ ጥሩ ጥሩ ይሸታል።

ዋናው ባለሟልዎ ግን የተዘጋ መስኮት ነው። እኔ እከፍታለሁ፣ ሞግዚቷ ትዘጋለች። "ኧረ ንፋስ ይመታቸዋል!" ደግሜ እከፍታለሁ። በግቢው የሚያልፍ አባት አንገቱን አስግጎ "ልጆቹን ብርድ ጨረሳቸው እኮ" ይልና ከውጭ ገፍቶ ዘግቶት ይሄዳል። የአዘዞ ታክሲ ውስጥም ያው ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ይስላል፤ ክፉ ሰው የሚባለው ግን መስኮት የከፈተው ነው። ጉንፋኑ የሚዛመተው ተፋፍገን አንድ አየር ስንቀባበል መሆኑን ለማን ልንገር?

በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ያን ሁሉ ሰው ጨረሰ። እስከ ዛሬ ህዳር 12 ሲሆን ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። ሠፈሩ ጭስ በጭስ ይሆናል። ጭሱ እንዳይገባ ደግሞ መስኮት ይዘጋል። እርስዎ ውስጥ ሆነው ይስቃሉ።

እጅ መታጠብ ይረዳል፤ አውቃለሁ። ውሃ የመጣ ቀን እንታጠባለን። ባልመጣ ቀን ከጀሪካን በኩባያ እየቀዳሁ አፈስላቸዋለሁ፤ ይቀዘቅዛልና የጣታቸውን ጫፍ ነክረው ይሮጣሉ።

በዚህ ላይ ጥር 11 ይመጣል። ፋሲለደስ ጥምቀተ ባህር ጠበሉ ሲረጭ ሳይርስ የሚመለስ ልጅ የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ እቅፍና ስሞሽ ለእርስዎ ትልቅ ገበያ ነው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ተብሎ የተገዛው ቀሚስ ከበዓሉ በኋላ ክፍል ሲመጣ የእጅጌው ጥልፍ አይታይም። ከላዩ እርስዎ አሉበት።

ሐኪሞች ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ ነው ይላሉ። እሺ፣ ይያዘው። ግን ክፍል ሙሉ ልጅ እየተቀባበለ ሲታመም ድምሩ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። ጭራሽ ይጥፉ አላልኩም። በፈረቃ ይግቡ። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፣ መብራቱም ሲያሻው በፈረቃ ይሆናል፤ እርስዎ ማን ሆነው ነው ዓመቱን ሙሉ ያለ ፈረቃ የሚሠሩት? ሰኞና ረቡዕ የቀኙ ረድፍ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የግራው። አርብን ለራስዎ ይረፉበት፤ እኔም ጋዋኔን ልጠብበት።

መልስዎን በጽሑፍ አልጠብቅም። በልጆቹ በኩል እንደሚልኩልኝ አልጠራጠርም።

ከሰላምታ ጋር
የኬጂ ዋን ቲቸር፣ ጎንደር

ግልባጭ፡-
ለአቶ ሳል፣ ሁልጊዜ አብረው ስለሚመጡ
መስኮት ለሚዘጉ ሁሉ፣ በበር ሥር ይግባላቸው