«ፈጣን ሒሳብ ተሰጥኦ ነው» ለሚለው እርማት

ወንድሜ፣ «ፊዚክሱ ይገባኛል፤ በቃል ማስላት ግን ሲፈጥረኝ አልተሰጠኝም» ብለሃል። ይሄ ስህተት ነው። ስንቱን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተስፋ ያስቆረጠ አባባል ነው!

እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ቡና የሚሸጡ እናቶችን አስተውል። ኪሎው 390 ብር ቢሆን፣ 7 ኪሎ ስትጠይቅ በ400 አባዝተው 2800 ይላሉ። ከዚያ 70 ይቀንሳሉ፤ 2730። ልምድ ነው።

ፈተናም ላይ እንደዚያው። የተለቀቀ ድንጋይ በ3 ሰከንድ ስንት ሜትር ይወርዳል? ርቀቱ የሚገኘው የመሬት ስበት በየሰከንዱ የሚጨምረው ፍጥነት (9.8) ግማሽ፣ በሰከንዱ ካሬ ሲባዛ ነው። 9.8ን 10 አድርገው። ግማሹ 5፤ 3 በ3 ሲባዛ 9፤ 5 በ9 ደግሞ 45። ምርጫዎቹ 14.7፣ 29.4፣ 44.1 እና 88.2 ከሆኑ መልሱ 44.1 ነው። እርሳስ እንኳ አላነሳህም! 44.1 እና 45 ጎን ለጎን ከመጡ ግን፣ እባክህ፣ በ9.8 አስላው።