ታፔላውና ጣሪያው

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለልጁ ክርስትና ጠራኝ። የአይሪሽ ዘር ያለው ካቶሊክ ነው፤ የሚኖረው ከስኮትላንዷ ግላስጎው ወጣ ብላ በምትገኘው ኢስት ኪልብራይድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ስፈልግ በፊቱ ሁለት ጊዜ አለፍኩት። ምን ላድርግ፣ መስኮት የለውማ! ኮረብታ ላይ የተገተረ የሸክላ ግድግዳ ብቻ ነው። መጋዘን ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ውስጥ ስገባ ግን አፌን ያዝኩ። ብርሃኑ ከላይ እየሾለከ ሻካራው ሸክላ ላይ ይወርዳል፤ ጥላው ደግሞ እንደኛ አገር የጥንት መቅደሶች ሳትወድ በግድ ድምፅህን ዝቅ ያስደርግሃል።

የቅድስት ብራይድ ቤተ ክርስቲያን ይባላል፤ ያለቀው በ1964 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ማን ሠራው ብዬ አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው። «ኮያ ነው» አሉኝ፣ ጎረቤታቸው የነበረ ይመስል። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነብ ነገሩ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ።

ድርጅቱ «ጊለስፒ፣ ኪድ እና ኮያ» ይባላል፤ የግላስጎው አርክቴክቶች ሽርክና ነው። ጊለስፒ በ1926 ሞተ፣ ኪድ በ1928 ተከተለው። ቢሮው ግን ከዚያ በኋላም እስከ 1980ዎቹ ድረስ የሁለቱን ሟቾች ስም ታፔላው ላይ ሰቅሎ ሠራ። ከሦስቱ በሕይወት የቀረው ጃክ ኮያ የጣልያን ስደተኞች ልጅ ነው፤ ያደገው ግላስጎው ነው። በ1930ዎቹ ለካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን መሥራት ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ መንግሥት ከተጨናነቀችው ግላስጎው ሕዝቡን እያወጣ እንደ ኢስት ኪልብራይድ ባሉ አዳዲስ ከተሞችና በከተማዋ ዳርቻ ሲያሰፍር፣ የሄደው ሰው የሚጸልይበት ያስፈልገው ነበርና ሥራው ጎረፈ።

አሁን ነው ጉዱ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እነዚህን ሕንፃዎች በዋናነት የነደፉት ኮያ አይደሉም፤ ሁለት ወጣቶች ናቸው። አንዱ ኢዚ ሜትዝስታይን ነው። በርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን በ1939 ናዚን ሸሽተው ወደ ብሪታኒያ ከመጡት ወደ አሥር ሺህ ከሚጠጉ ልጆች ጋር ነው የመጣው። በ1945 ኮያ ቢሮ በተለማማጅነት ገባ፤ ማታ ማታ ይማር ነበር። ሌላው አንዲ ማክሚላን ነው፣ በ1954 ተቀላቀለ። ሁለቱም የተወለዱት በ1928 ነው፣ ኪድ በሞተበት ዓመት። እንግዲህ አስቡት፤ ከሂትለር ያመለጠ የአይሁድ ልጅ ዕድሜውን ለካቶሊኮች መቅደስ ሲነድፍ ኖረ። የሁለቱም ስም ታፔላው ላይ አልወጣም። በ1969 የብሪታኒያ አርክቴክቶች ትልቁ ሽልማት፣ የወርቅ ሜዳሊያው ሲመጣም የተሰጠው ለኮያ ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ለኮያም አዘንኩላቸው። ሃያዎቹን ላልጨረሱ ልጆች ይህን ያህል ሥራ አምኖ መልቀቅ ቀላል አይደለም። እኔ እዚህ አገር ሦስት አለቃ ቀይሬያለሁ፤ አንዳቸውም የመጋዘኑን ቁልፍ እንኳ አምነው አልሰጡኝም።

አዲስ አበባም እንዲህ ያለ ሽርክና ነበራት። በ1960ዎቹ ዛልማን ኤናቭ የሚባል እስራኤላዊና ሚካኤል ቴድሮስ የሚባል የእኛው ሰው አንድ ላይ ቢሮ ከፍተው ይሠሩ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ የነደፉት እነሱ ናቸው። ፍል ውሃን ደግሞ እንዲሁ! እኔ ከአባባ ጋር ስንት ቅዳሜ ፎጣዬን በፌስታል ይዤ ፍል ውሃ ተሰልፌያለሁ፤ ወረፋው እስኪደርስ ጣሪያና ግድግዳውን ሳይ ነበር የምውለው። ማን ሠራው የሚል ጥያቄ ግን አንድ ቀን መጥቶልኝ አያውቅም። እዚህ ሽማግሌው ቢሳሳቱም የሚሳሳቱበት ስም አላቸው። እኛ የምንሳሳትበትም የለንም።

ፈረንጁን ላሞግስ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ወደ ካርድሮስ ልውሰዳችሁ።

ካርድሮስ ከግላስጎው በባቡር የክላይድን ወንዝ እየተከተሉ የሚደረስባት መንደር ናት። እዚያ ጫካ ውስጥ የእነዚሁ ሰዎች ትልቁ ሥራ አለ፤ የቅዱስ ጴጥሮስ ዘርአ ክህነት፣ የካቶሊክ ካህናት ማሠልጠኛ ማለት ነው። በ1966 ተጠናቀቀ። ወደ መቶ ለሚሆኑ ተማሪዎች ታስቦ የተሠራ ነው። መኝታ ክፍሎቹ ደረጃ በደረጃ እየወጡ ከመቅደሱና ከምግብ አዳራሹ በላይ ይደረደራሉ፣ ሁሉም በአርማታ። ፎቶውን ብቻ አይቶ ልቡ የማይሰነጠቅ የለም። ግን ሕንፃው ተጀምሮ ሳያልቅ የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ የሚባለው የካቶሊክ ጳጳሳት ትልቅ ስብሰባ መጣና ካህን ከሕዝቡ መካከል ሆኖ ይሠልጥን የሚለው ሐሳብ በረታ፤ ለክህነት የሚመጣውም ልጅ ቁጥር ቀነሰ። ቤቱ አንድም ቀን አልሞላም። በዚያ ላይ ያፈሳል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያፈሳል! በስኮትላንድ ዝናብ ላይ ይህን ሁሉ ጠፍጣፋ ጣሪያ የዘረጋ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። በ1980 ተዘጋ።

የሚያፈስ ቤት እኔም አውቃለሁ። ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። ሐምሌ ሲገባ እማዬ ሰታቴውን፣ ባልዲውን፣ ባዶ የወተት ጣሳውን በየጠብታው ስር ትደረድር ነበር። ጣሳው ላይ ሲወድቅ ቀጭን ድምፅ፣ ሰታቴው ላይ ወፍራም። ከተኛን በኋላ እትዬ ድምፁን እየሰማች የትኛው ዕቃ እንደሞላ ትናገር ነበር፣ አንድ ጊዜም ተሳስታ አታውቅም። ዝናቡ ጋብ ሲል አባባ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ሬንጅ ይቀባል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ያፈሳል፤ እንደገና ይወጣል። ቤታችን ሠላሳ ዓመት የቆመው በዚህ ነው። ካርድሮስ ግን ከ1980 በኋላ ጣሪያው ላይ የሚወጣ አባወራ አልነበረም።

በ1992 መንግሥት በከፍተኛው የቅርስ ደረጃ መዘገበው፤ ከእንግዲህ አይፈርስም ተባለ። በ1995 ግቢው ውስጥ የነበረው አሮጌው ቤት ተቃጠለ። የዘርአ ክህነቱ መስታወት ተሰባበረ፣ እንጨቱን ዝናብ በላው፣ ግድግዳውን ወጣቶች ቀለም ረጩበት። በ2005 አንድ የሥነ ሕንፃ መጽሔት ድምፅ ሲያሰባስብ ከስኮትላንድ ዘመናዊ ሕንፃዎች አንደኛ የወጣው ማን ይመስላችኋል? ይኸው ጣሪያ የሌለው ፍርስራሽ! ሰዎቹ በስሜት ነው የሚያወሩለት፤ ጉባኤ ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዶክትሬት ይጻፍበታል። ሬንጅ የያዘ ሰው ግን አልመጣም።

የእኛ ደግሞ ሌላው ጽንፍ ነው። ባለፈው አገር ቤት ስገባ ካዛንቺስን አጣኋት። የእነ እትዬ ልጆች ከፊት ከፊት እየሄዱ «እዚህ ጋ ዳቦ ቤቱ፣ እዚህ ጋ የእናንተ በር» ይሉኛል፣ እኔ የማየው አስፋልትና አዲስ የተተከለ ዘንባባ ነው። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ አልዋሽም። የሰታቴው ድምፅ ይናፍቀኛል ብል ደግሞ ዛሬም በሚያፈስ ቤት የሚያድር ሰው ይታዘበኛል። የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ካዛንቺስ የሚለውም ጣልያኖቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅታቸው የመጣ ስም ነው፤ ካዜ ኢንቺስ ይሉት ነበር። ድርጅቱ ከሄደ ሰማንያ ዓመት አለፈው፣ ቤቱም ፈረሰ፣ ታክሲው ግን አሁንም «ካዛንቺስ ካዛንቺስ» እያለ ይጣራል። ጊለስፒና ኪድ ትዝ አሉኝ።

ባለፈው እሑድ እትዬ ስትደውል ይህንኑ የካርድሮስን ታሪክ አጫወትኳት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃውን መሸጥ አቅቷት፣ ማፍረስ ተከልክላ፣ በነፃ እንኳ የሚወስድላት አጥታ ስንት ዓመት እንደኖረች፣ በመጨረሻ በ2020 አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት እንደተረከባት ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «በነፃ ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ስንት ካሬ ነው?»