የቆማችሁበትን ደረጃ እወቁት

ወገኖቼ፣ ይህ ተግሳጽ ከእኔ ይጀምራል። ሃያ ዓመት ሙሉ በስድስት ኪሎ ስመላለስ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላውቅም ነበር። የወሰደችኝ የእህቷን ልጅ ልታስመርቅ ከደብረ ብርሃን የመጣች ጓደኛዬ ናት። የታሪክ መምህርት ናት። «ምርቃቱ አለፈ፤ ዛሬ ከሰዓት ደግሞ እዚያ ቤት ካልወሰድሽኝ ነገ አልሳፈርም» አለችኝ። እኔ የከተማዋ ልጅ በእንግዳዬ ተመርቼ ሄድኩ።

ቤቱን ታውቁታላችሁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ያሠሩት፣ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነው ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። በደረስንበት ሰዓት የምርቃት ጋውን የለበሱ ልጆች ከበውታል። አንዷ ጫማዋን እያስተካከለች «ይሄ ደረጃ ወዴት ነው የሚያስወጣው?» ብላ ጠየቀች። የመለሰላት የለም። ካሜራ የያዘው ልጅ «ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ብርሃኑ ሳይሄድ» አላት። ቆመች፤ ሳቀች፤ ተነሳች፤ ሄዱ።

እናንተ ልጆች፣ እናንተ ያስተማራችኋቸው ወላጆች፣ ያን ደረጃ የሠራው ፋሺስት ነው! ሙሶሊኒ በሮም ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ እርከን እየደረደሩ የገዛ ንጉሣችን ደጃፍ ላይ ተከሉት። እየጨመርን እንወጣለን ማለታቸው ነበር። ነፃነት ሲመለስ አባቶቻችን አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አቁመው ተዉት። ትንሽ አንበሳ ናት፤ አንገታችሁን ቀና ካላደረጋችሁ አታዩአትም። ጓደኛዬ ከሥሯ ቆማ ብዙ ጊዜ ሳትናገር ቆየች። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ።

በዚሁ ደጃፍ የሆነውንም ስሙ። ለጣልያኑ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወለደ ተብሎ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣልያኑ ገዥ ግራዚያኒ የአዲስ አበባን ድሆች ምጽዋት ልስጣችሁ ብሎ ሰበሰበ። ዓይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ ልጅ ያዘለችው እናት ግቢውን ሞልተውት ነበር። አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ፤ ለምጽዋት የመጣው ድሃ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ተተኮሰበት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማዋ ነደደች። መንግሥታችን ከድሉ በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎታል። የእኛ ሰዎች የወደቁበት ግቢ ነው። እኔ ባለፍኩበት መንገድ ዳር ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አጥር ተክሉ ውስጥ ተሰክቶ አየሁ፤ አንድ ዛፍ ላይ ደግሞ ሁለት ስምና የልብ ሥዕል በስለት ተፍቆ አገኘሁ። ፍቅራችሁን የምትጽፉበት ሌላ ቦታ አጣችሁ? የዛፉ ቁስል ገና ሙጫ ያነባል።

ወደ ውስጥ ገባን። ፎቅ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት አለ። እዚያ ያለውን መስታወት ጥይት በስቶታል፤ በታኅሣሥ 1953 ንጉሡን ከሥልጣን ለማውረድ የተሞከረው ግርግር የተወው ምልክት ነው። ሰው ፊቱን ከሚያይበት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው ዙሪያ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። እኔና ጓደኛዬ እሱን እያየን ሳለ ከኋላችን አንድ ሰውዬ ስለ ቪትዝ መኪና ዋጋ በስልክ ይከራከር ነበር። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። በዚያው ግርግር፣ በዚሁ ቤት በአረንጓዴው ሳሎን መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ ተረሽነዋል። ከእነሱ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ አምስት ዓመት በዱር በገደል ጣልያንን የተዋጉ ሰው፣ በነፃ አገራቸው፣ በወገን ጥይት፣ እዚህ ወደቁ። ወንድሜ፣ ለመኪናህ ዋጋ ኮሪደሩ ነበረልህ።

ተቆጥቼ የምናገረው ስለምወዳችሁ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል፤ እኛ ግን መዳቡንስ መች ቆጠርነው? ከውጭ የመጣ እንግዳ ሲኖረን ብቻ ነው ይህን ቤት የምናስታውሰው። ለእንግዳው ትኬት ቆርጠን እኛ ውጭ ጥላ ሥር ስልካችንን እየነካካን እንጠብቀዋለን። እንግዳው ሲወጣ ስለ አያቶቻችን ከእኛ በላይ ያውቃል። ይህ አያሳፍረንም? እኔን አሳፍሮኛል። ጓደኛዬ «የመቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሰው ስትጓጓለት አንቺ በታክሲ መስኮት ታልፊዋለሽ?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

ፎቶ አትነሡ አላልኩም። ልጅ ሲመረቅ መደሰት ደግ ነው፣ ያማረ ቦታ ላይ መቆምም ደግ ነው። ግን አስቀድማችሁ እወቁት። በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስድስት ኪሎ ውረዱ። መጀመሪያ አደባባዩ ላይ ካለው የየካቲት 12 ሐውልት ሥር ቁሙና ዙሪያውን እየዞራችሁ የተቀረጹትን ሰዎች አሳዩአቸው። ከዚያ ግቢውን ግቡ፤ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ደረጃው ጋ ስትደርሱ ከሥሩ ቆማችሁ እርከኖቹን ከልጆቻችሁ ጋር አንድ፣ ሁለት እያላችሁ ቁጠሩ፤ ማን ለምን እንደሠራውም ንገሯቸው። ቆጥራችሁ አንበሳዋ ጋ ስትደርሱ፣ ያን ጊዜ ፎቶ አንሷቸው።