ቴፕ በጥፊ ሲታከም

ለመዳፋችን ሐውልት ይቁምልን። ካውያ ሳይነካ፣ ብሎን ሳይፈታ በደሴ ስንቱን ቴፕ ከሞት አስነስቷል!

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ቴፑ ዘፈን መሀል “እምምምም” ይላል። አባወራው ከሶፋው ይነሳል። ከላይ ሁለቴ፣ አልሰማ ካለም ከጎን አንዴ ያቀምሰዋል። ድምፁ ይስተካከላል። “አየህ!” ይላል።

ደግሞ አንዳንዴ እውነትም ይሠራል። የላላ ብየዳ ሲነቀነቅ ለጊዜው ይገናኛል። ጉድ የሠራችን ይቺው አንዳንዴ ናት። አንድ ቀን የሠራች ጥፊ ዕድሜ ልክ ታስመታለች።

ጎረቤቴ ጋሼ ግን ከመምታትም አልፈው ይመረምራሉ። አምፕሊፋየራቸው ሲያጉረመርም “ብርድ መትቶት ነው” አሉ። ደሴ ነው እንግዲህ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ሰው ጋቢ ይደርባል፤ አምፕሊፋየሩስ ምን በወጣው? ስለዚህ ዳንቴል አለበሱት። ሁለት ድርብ። በላዩ የፕላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው። ሙቀት እንዲወጣባቸው ፋብሪካው የበሳቸው ቀዳዳዎች በጥልፍ ተደፈኑ። (ሪሞቱም ከነላስቲኩ ነው፤ እሱን ሌላ ቀን።) “ሲሞቅ ይሻለዋል” ብለውም ማታ አያጠፉትም። ይሻለዋል እኮ! ያረጀ ካፓሲተር ሞቅ ሲለው ትንሽ ይነቃል። እያለቀበት ነው እንጂ።

ካፓሲተር፣ የድሮ ጠጋኞች ኮንደንሰር የሚሏት፣ የቤታችን ሮቶ ማለት ናት። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶ አጠራቅሞ ያለማቋረጥ ይሰጠናል። የመብራቱ 50 ኸርዝም (በሰከንድ 50 ዙር ማለት ነው) አምፕሊፋየሩ ውስጥ ወደ ቀጥታ ኮረንቲ ሲለወጥ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሷ አጠራቅማ ታስተካክለዋለች። ውስጧ የአሉሚኒየም ቅጠልና ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት ተጠቅልሏል። ፈሳሹ ሲደርቅ ያ 100 ጊዜ ስፒከሩ ላይ ወጥቶ “እምምምም” ይላል። ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ዕድሜዋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እኛ እንዳይበርዳት ዳንቴል እንደርባለን። ይህን የመሰለ ርኅራኄ የት ይገኛል?

በመጨረሻ እኔው ተሸክሜ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጠጋኝ ወሰድኩት። ጋሼም ተከተሉኝ፤ በሽተኛ ብቻውን አይላክም። ልጁ ከፈተው። የካፓሲተሯ አናት እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል።

“አብሽር አባባ፣ ይቺ ነች።”

የያዘችውን ቻርጅ አስተነፈሰና ነቀላት። የማጠራቀም አቅሟ 2,200 ማይክሮፋራድ፣ የምትችለው 25 ቮልት ይላል ጎኗ ላይ። የተካት በዚያው ማይክሮፋራድ፣ ግን ባለ 35 ቮልት ነው። ጋሼ ቁጥሩ ስላልገጠመ ተቆጡ።

“ቮልቱ ቢበልጥ አይጎዳም፤ ቢያንስ ነው የሚያፈነዳት” አላቸው። ነጩ መስመር ያለበትን እግር ኔጌቲቩ ላይ አስገባ፤ ተገልብጣ ብትገባም ያው መፈንዳት ነው። በየደ። ጨረሰ።

ዋጋውን ሲሰሙ ጋሼ ተቀየሙ። ስንት ዓመት የመቱት በሽታ በዚህ ዋጋ መዳኑ ክብራቸውን ነካው። “ለዚች ፍሬ ነው?” እያሉ እስከ ቤት ደረስን።

ቤት እንደገባን ዳንቴሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። አበባውም። ካሴቱ ገባ፣ ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ቤቱ ጸጥ አለ። ያ “እምምምም” የለም።

ጋሼ ከሶፋው ተነሱ። “ዝም አለ እኮ!”

“ጋሼ፣ ቆይ—”

ከላይ ሁለቴ፣ ከጎን አንዴ አቀመሱት። ቀጣዩ ዘፈን ጀመረ።

“አየህ!” አሉኝ።